የእናቴ ጭቃና የኅዳር ተርቦች

በ1976 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በጂንካ ከተማ፣ የቀበሌያችን ነዋሪዎች ለስብሰባ ተጠርተው፣ ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ከቤቷ እንድትለቅና የሸክላ አፈር ጉድጓዷ እንዲደፈን እጃቸውን አውጥተው ወሰኑ። ሰው በየቤቱ ሲያወራው የሰነበተው ክስ በሰው ቤት ላይ ተርብ ታሰማራለች የሚል ነበር፤ ከመድረኩ የተነገረው ምክንያት ግን የሕዝብ ጤና ነው። በደሉ ይህ ነው።

ባለፈው ኅዳር በቢሮዬ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ባለው የግድግዳ ጥግ፣ አንዲት ወገበ ቀጭን ተርብ ጭቃ ስትለጥፍ አገኘኋት። የጽዳት ሠራተኛዋ ፍሊት ይዛ መጣችና «ዶክተር፣ ይነድፍዎታል» አለችኝ፤ አይነድፍም፣ ተዪው አልኳት። እንጀራዬ ነፍሳትን ማጥናት ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ቃሌን የሚጠራጠር ሰው በሕንፃው ውስጥ የለም። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ሙያዬ የማይጠይቀውን አደረግኩ፤ ጠጋ ብዬ ገና ያልደረቀውን ጭቃ አሸተትኩት። ያደግኩበት ቤት ጠረን እንዲሁ ነበር። 

ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ሜዳ በታች፣ ወደ ነሪ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከሁሉ የመጨረሻው ነበር። አውሮፕላን የሚመጣ ዕለት ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች ለማባረር ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲሯሯጥ እኛ ልጆች ከላሞቹ ጋር አብረን እንራወጥ ነበር፤ እናቴ ግን ቀና ብላ አታይም፣ የማሰሮ አንገት እያወጣ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ማሰሮው ጠማማ ይወጣበታል ትል ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ አፈሩ የሚቦካበት ጉድጓድ ነበረን። ከወንዙ ዳር የምታመጣውን ጥቁር አፈር ከኮረብታው ቀይ አፈር ጋር ደባልቃ፣ የተሰበረ ገል ፈጭታ ጨምራበት፣ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ እየረገጠች ታላቁሰዋለች፤ ከዚያም በእንሰት ቅጠል ሸፍና ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። የኮረብታው አፈር የሚብለጨለጭ አሸዋ ስለነበረበት ዕቃዎቿ ሲደርቁ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መልክ ይይዛሉ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸውም ነጠብጣብ ብርሃን ይረጫሉ። በጂንካ ገበያ ይህ መልክ የእርሷ ብቻ ነበር፤ ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን እንደ በጎ ነገር እንቆጥረው ነበር።

በአካባቢው የአሪ ገበሬዎች ዘንድ እንደ እኛ ሸክላ የሚሠሩ ወገኖች ማና ይባላሉ፤ ከእነርሱ ጋር አይበላም፣ ቤታቸው አይገባም፣ ከእነርሱም ልጅ አይጋባም። ስለዚህ ገዢው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠራል፣ እናቴ ዕቃውን አውጥታ መሬት ላይ ታስቀምጣለች፣ ገዢውም ከመሬት ያነሣል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ከሰሜን መጥተው በከተማው የሰፈሩት ቤተሰቦች ይህን ሥርዓት ባያውቁትም የራሳቸው ነበራቸው፤ የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ብለው ልጆቻቸውን ከእኛ በር ይጠሩ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ መናቅ እንደቀረ በድምፅ ማጉያ ተነገረን። እናቴም ሰማች፤ ሰምታም ማሰሮውን መሬት ላይ ማስቀመጧን ቀጠለች፣ ምክንያቱም ገዢው እጁን አልዘረጋም።

የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ሣሩ መቅላት ሲጀምር፣ ተርቦቹ ይመጣሉ። ዛሬ ምክንያቱን ለተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ የማስረዳው ነገር ነው። በዝናቡ ወራት ከወረቀት መሰል ነገር ጎጆ የሚሠሩት ተናዳፊዎቹ ተርቦች እጮቻቸውን በማብላት የተጠመዱ ናቸው፤ አባጨጓሬ አድነው ለእጮቹ ያቀብላሉ፣ እጮቹም በልዋጩ ጣፋጭ ፈሳሽ ከአፋቸው ይሰጧቸዋል። ወቅቱ ሲያልቅ እጮቹ አድገው ያልቃሉና ሥራ ፈትቶ የራበው መንጋ ጣፋጭ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይዞራል፤ የፓፓያ ልጣጭ፣ የሸንኮራ ምጣጭ፣ የጠጅ ሰፈፍ ያለበትን ያገኛል። ጭቃ ለጣፊዎቹ ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው። ብቸኞች ናቸው፣ ሰው ካልጨመቃቸው አይናደፉም፤ ሜዳው ሲደርቅ ግን እርጥብ ጭቃና ዝናብ የማይነካው ግድግዳ ስለሚፈልጉ እነርሱም ከበራችን አይጠፉም። በኅዳር፣ ከወንዙ ወዲህ፣ በዚያ ሰፈር ሳይደርቅ የሚቆይ ጭቃ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የእናቴ ጉድጓድ።

ከእንሰቱ ሥር በሆዴ ተኝቼ እመለከታቸው ነበር። ተርቧ ትመጣለች፣ ጅራቷን ወደ ላይ አቁማ ጭቃውን በመንጋጋዋ እያሸች ታድቦለቡላለች፤ ስታድቦለቡል የምታሰማው ቀጭን እዝታ እናቴ ሥራ ላይ ሆና በአፍንጫዋ ከምታንጎራጉረው ዜማ ብዙም የተለየ ስላልነበረ፣ ሁለቱም አንድ ሙያ ያላቸው ይመስሉኝ ነበር። ከዚያ የጭቃ ፍሬዋን ይዛ ትነሣለች፣ አጥሩን ትሻገራለች፣ ወደ እትዬ ዘነበች ቆርቆሮ ቤት ትሄዳለች። ወዴት እንደምትሄድ ማየት ያስደስተኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በደስታዬ ላይ ፍርሃት መጣ።

እትዬ ዘነበች ጎረቤታችንና ጠጅ ነጋዴ ነበረች፤ ጠጇ የሚብላላው በእናቴ ጋኖች ነው። ልጇ መስፍን የክፍል ጓደኛዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ብሎ ጠጅ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ ልጁ ብርዝ ሲጠጣ ጽዋው ውስጥ የወደቀች ተርብ ምላሱ ሥር ነደፈችው። ተናዳፊዋ፣ ወረቀት ሠሪዋ ነበረች፤ ጭቃ የምትለጥፈዋ ብርዝ ውስጥ ምንም ጉዳይ የላትም። ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ፉጨት እየሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ልጁ እዚያ ተኝቶ ሳለ የሰፈር ሴቶች እናቱን ለማጽናናት ተሰብስበው፣ እግረ መንገዳቸውንም ቤት እናጽዳላት ብለው ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አላቀቁት። ከጀርባው የጭቃ ጥቅል ተለጥፎ ተገኘ። ሌላ ጥቅል ደግሞ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ በሰነበተው የመስፍን ኮት እጥፋት ውስጥ ነበር። ሲሰብሩት በየክፍሉ ሸረሪቶች ታጭቀው ወጡ፤ ሸረሪቶቹም አልሞቱም። አይሄዱም፣ ግን እግራቸው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል።

ተርቧ ሸረሪቱን ነድፋ ታደነዝዘዋለች እንጂ አትገድለውም፤ ከዕንቁላሏ የሚፈለፈለው እጭ ትኩስ ሥጋ እንዲያገኝ ታሽገዋለች። ሴቶቹ ያዩት ግን በልጁ ልብስ ውስጥ በጭቃ የተጠቀለለ፣ ሕይወቱ ያልወጣ፣ የታሠረ ፍጥረት ነው። ለዚህ ነገር ከእናቶቻቸው የተማሩት ስም ድግምት ነበር። ጭቃውም ሐምራዊ ነበር፤ በበር በኩል ወደ ብርሃን ሲያወጡት ብልጭ ብልጭ አለ። የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም።

እትዬ ዘነበች ወደ አጥራችን መጥታ ያላትን በሙሉ አስታውሰዋለሁ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጄ ምን በደለሽ? ጋን በገዛሁሽ? ከገበያ ሁሉ አንቺን መርጬ ባበላሁሽ?»

እናቴ አማርኛ የተማረችው በገበያ ነበርና ቃላቱ ባስጨነቋት ቁጥር ይጣመሙባት ነበር። «እሱ ተርብ ጭቃ ይሰርቃል። እኔ አልሰጠም» አለች።

«ሰማችሁ?» አለች እትዬ ዘነበች ወደ ኋላዋ ዞራ። «ታውቀዋለች። ሲወስድም ታየዋለች።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በእኔ ውስጥ እስከ ዛሬ አላለቁም። ከአጥሩ ውጭ የሚጠራ ገዢ ጠፋ። ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ቦታዋን ለወጠች፤ አንዱ ጎረምሳ ባለፍኩ ቁጥር በአፍንጫው እዝ ይል ነበር፣ ክፍሉም ይስቃል። አንድ ጠዋት በራችን ላይ የተሰባበረ የጭቃ ጥቅል በእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እናቴ ቅጠሉን አንሥታ፣ ጭቃውን በጣቷ ፈርፍራ አየችና መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው፤ ለእርሷ አፈር አፈር ነው፣ አይባክንም። እኔ ጉድጓዱን እንድታደርቀው ለመንኳት። አልሰማችኝም። የደረቀ አፈር እንደገና እስኪቦካ ሳምንታት ይፈጃል፣ እኛም የምንበላው ከዚያ ጉድጓድ ነበር። ስለዚህ በልጅ አእምሮዬ ሌላ መፍትሔ አገኘሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቅጠላም ዝንጣፊ ይዤ ጉድጓዱ ላይ ዘብ እቆም ጀመር። አንዲት ተርብ እንኳ የእኛን ጭቃ ይዛ አጥሩን እንዳትሻገር ነበር ሐሳቤ። ሳባርራቸው ዞረው በሌላ በኩል ይመጣሉ፤ በዚያኛው በኩል ስሮጥ በዚህኛው ይገባሉ። አንዲቱን ጭቃዋን እንደያዘች እስከ አጥሩ ድረስ እየጮህኩ ተከትዬያት፣ በአጥሩ ላይ አሻቅቤ ወደ ቆርቆሮው ስትገባ ሳያት የእትዬ ዘነበች ሠራተኛ ቆማ ትመለከተኝ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ በማግሥቱ የተወራው፣ ልጅቷም ታሰማራለች የሚል ነው። ይህን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት ግን ራት መብላት አልቻልኩም።

ተስፋዬን የጣልኩበት አንድ ሰው ነበር። መምህር ታደለ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራችን ናቸው፤ ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ እኔን በክፍል ውስጥ በስሜ የሚጠሩኝ ብቸኛ አስተማሪ። ስለ ነፍሳት ሲያስተምሩን ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ክፈፍ እንዲህ ያለውን የጭቃ ጥቅል ራሳቸው አውርደው፣ በምላጭ ከፍተው፣ ሸረሪቶቹን በወረቀት ላይ ደርድረው አሳይተውን ነበር። ስለዚህ ስብሰባው መጠራቱን እንደ ሰማሁ ከክፍል ሲወጡ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠመኔ የነካውን እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ስብሰባው ላይ ሁለት ነገር ነው የምናገረው» አሉኝ። «እርጥብ ጭቃ ነፍሳትን ይስባል። ነፍሳቱ ግን በማንም አይታዘዙም፣ ሸረሪቱም የልጃቸው ስንቅ ነው። ይኼን ሰምቶ የማይገባው ሰው የለም። በይ ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ።»

ሄድኩ፤ አጠናሁም። ያን ሌሊት ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የስብሰባው አዳራሽ ቀድሞ እናቴ ትጸልይበት የነበረው የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ነበር፤ ከአማኞቹ ተወስዶ የቀበሌ ሆኗል፣ አግዳሚዎቹ ግን አልተለወጡም። እናቴ በልማዷ ወደምትቀመጥበት ከበሩ ሦስተኛው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች፤ በዚያ አግዳሚ ላይ የነበሩት ተነሡ። መስፍን ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ከእናቱ ጎን ሸንኮራ እየመጠጠ ነበር፤ እብጠቱ ጠፍቷል። ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ወዳድ ሰው ነበሩ። «ጓዶች፣ አብዮቱ በጥንቆላና በድግምት አያምንም» ብለው ጀመሩ። «ድግምት የሚል ቃል በዚህ አዳራሽ መስማት አልፈልግም። የመጣነው ለጤና ጉዳይ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ታዲያ ሸረሪቱ ለምን አልሞተም?» አለች። ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ፈገግ አሉ። ከዚያ እናቴን ጠየቋት። ተነሥታ፣ ተርቡ የእርሷ እንዳልሆነ፣ ጭቃ እንጂ ሌላ ነገር እንደማታውቅ፣ እትዬ ዘነበችም ጋኖቿን ዕድሜዋን ሙሉ እንደምታውቃቸው ተናገረች። ሦስት ቋንቋ ቀላቀለች፤ ግማሹን አዳራሹ አልገባውም፣ የገባቸው አሪዎች ደግሞ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«እስቲ ሳይንሱን እንስማ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ጓድ መምህር?»

መምህር ታደለ ተነሡ። እኔ በመስኮቱ በኩል ከውጭ ቆሜ፣ ደፉን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። «እርጥብ ጭቃ ነፍሳትን ይስባል» አሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚሰማው ጥርት ያለ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ በአፌ አብሬያቸው ልለው ተዘጋጀሁ። እርሳቸው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ጓዶች፣ ሰምታችኋል» አሉ ሊቀመንበሩ። እጅ አውጡ ተባለ። የመምህር ታደለም እጅ ወጣ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጉድጓዱን በአመድና በድንጋይ ሞሉት፤ ከሞሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ዕቃዎቿን ለቤታቸው ይዘው ሄዱ፣ እነዚያ ዕቃዎች ምንም ድግምት አልነበረባቸውም። ወደ ቆላው የገበያ መንደር ወደ አልዱባ ወረድን። ገበያው ጥሩ ነበር፣ አፈሩ ግን ለእናቴ እጅ አልሆነም፤ በጥንቃቄ ያደረቀችው ማሰሮ እሳት ሲነካው ከወገቡ ይሰነጠቃል። አፈር ለመፈለግ ብዙ መንገድ ሄደች፣ ደባለቀች፣ ለወጠች፤ በመጨረሻ ወደ ወይጦ ወርዳ መንገድ ዳር ላሉት ሻይ ቤቶች ውሃ በመቅዳት ኖረች። የምትቀዳውም በፕላስቲክ ጀሪካን ነበር። እኔን የቀድሞ የጸሎት ባልንጀራዋ የሆነች ሴት ወደ ጂንካ መልሳ አስጠግታኝ ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ኅዳር የሆነውን በዓይኔ አየሁ። ተርቦቹ በጊዜያቸው መጡ። ጭቃ ለጣፊዎቹ ከጠጅ ቤቱ ጓሮ ከሚደፋው እጣቢ ጭቃቸውን አድቦልቡለው ወደ ቀድሞው ቆርቆሮ ገቡ፤ ተናዳፊዎቹም ሰፈፉ ላይ ሰፈሩ፣ አንዱን ጠጪ ጆሮውን ነደፉት። ሰው እጁን አወራጨ፣ ተሳደበ፣ ጠጁን ጠጣ። ስብሰባ የጠራ የለም። እናቴ ትመለስ ያለም የለም። መምህር ታደለ በዚያም ዓመት የነፍሳትን ትምህርት አስተማሩ፤ የጭቃ ጥቅል ግን ከክፈፍ አላወረዱም።

እናቴ ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይጦ ላይ አረፈች። ሙያዋን አላስተማረችኝም፤ እጄ እርሳስ እንጂ ጭቃ እንዲይዝ አልፈቀደችም። ስለዚህ የጠፋውን ስመዝን እንዲህ ነው፦ የደቡብ ኦሞን የጭቃ ተርቦች እያንዳንዳቸውን በሳይንሳዊ ስማቸው እጠራለሁ፤ የአንዲት ትንሽ ማሰሮ ክዳን መሥራት ግን አልችልም። ቀይ አፈሩ ከየትኛው የኮረብታ ጎን እንደተቆፈረ፣ ከጥቁሩ ጋር በምን መጠን እንደተደባለቀ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ባለፈው ዓመት ጂንካ ሄጄ ገበያውን ዞርኩ። ሐምራዊ ሸክላ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ ወይ ብዬ የጠየቅኳት ወጣት ነጋዴም ፕላስቲክ ማሰሮ አቀረበችልኝ።

ሊቀመንበሩ ሞተዋል፣ እትዬ ዘነበችም እንዲሁ፤ ሁለቱም ስለማያውቁት ነገር ፈረዱ፣ እኔም ከእነርሱ የምጠብቀው ነገር የለኝም። እርስዎ ግን መምህር ታደለ፣ በሕይወት አሉ፤ ጡረታ ወጥተው በተማሪዎችዎ ተከብረው እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። የሚያነብቡ ሰው ስለሆኑ ይህም እጅዎ ይገባል። ፈርተው እንደ ነበር አይንገሩኝ፤ ያን ዘመን ኖሬበታለሁ፣ ሰው በአንድ ቃል ምን ይደርስበት እንደነበር አውቃለሁ። ይቅርታ እንዲጠይቁኝም አልፈልግም፤ የሚገባው ለእናቴ ነበርና አሁን አይደርሳትም። የምጠይቅዎ ሌላ ሰው ሊመልስልኝ የማይችለውን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር የወሰኑት በአዳራሹ ውስጥ ቆመው ሳሉ ነው፣ ወይስ እጅዎን በመሐረብ እየጠረጉ «ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ» ባሉኝ ጊዜ ነው?